የቤታችንን አይፒ የቀየሩልን መምህር

ስሜ ለሊሴ ነው። አዳማ ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚያው አዳማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። አሁን የማጫውታችሁ ነገር የተፈጸመው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። የተጀመረውም በኢንተርኔት ችግር ነው። ችግሩን ሊፈቱልን የመጡት ሰው ግን ከኢንተርኔቱ ሌላ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ደርሰውበት ሄዱ።

መጀመሪያ ያን ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በማስተማሩ የመጨረሻ ዓመት ላይ ዳር ዳር የሚቀመጡ ተማሪዎች እጃቸውን ሲያወጡ አላይም ነበር። «ቲቸር፣ እዚህ ነኝ» ሲሉኝ ነው ዞሬ የማያቸው። መነጽር የሚያስፈልገኝ መስሎኝ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን እንደጎዳው፣ በሽታውም ግላኮማ እንደሚባል ተነገረኝ። ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እንጠብቃለን» አለኝና ጠብታ አዘዘልኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴን ቀብረን ገና ሐዘኑ ከቤታችን አልወጣም ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሞጆ ጅቡቲ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወንድሜ ዱባይ ስለሚሠራ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። በሐዘኑ ላይ ሌላ ሐዘን ልጨምርበት አልፈለግኩም። ጠብታውን ፍሪጅ ውስጥ አይቶ ሲጠይቀኝ «የአቧራ አለርጂ ነው» አልኩት። የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ መልስ አይጠራጠርም። ከትምህርት ቤቱም «ደክሞኛል» ብዬ ለቀቅኩ።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው ሥራ አንድ ዓይነት ብቻ ሆነ፤ ዓይን ሳይሆን ድምፅ የሚበቃው ሥራ። ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት። ውጭ አገር ሐኪም ቤት የሚሄዱ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎችን በኢንተርኔት ስልክ ከሐኪሞቻቸው ጋር የሚያነጋግር አንድ ድርጅት አስተርጓሚ ይፈልጋል። አመለከትኩ፤ ሁለት ዙር አለፍኩ። የቀረኝ በቀጥታ የሚሰጠው የመጨረሻ ፈተና ነበር። ደንቡ ጥብቅ ነው። ፈተናው ከተመዘገበው ቤት፣ በመደበኛ የቤት ኢንተርኔት እንጂ በሞባይል ዳታ አይሆንም። የሕመምተኞች ምስጢር ስላለበት አድራሻ የሚደብቅ ፕሮግራም የተጠቀመ ሰውም ወዲያው ይሰረዛል።

በፈተናው ዋዜማ ጠዋት የፈተናውን ገጽ ለመሞከር ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ በገጹ ፋንታ ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ። «ከዚህ አድራሻ የሚመጣ ግንኙነት ታግዷል» ይላል። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። በስልኬ ዳታ ስሞክረው ግን ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። የታገድኩት እኔ አልነበርኩም፤ የታገደው ቤታችን ነው።

ለድርጅቱ ጻፍኩ። ከቤቴ አድራሻ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ስለታየ እንደተዘጋ፣ የፈተናው ቀን እንደማይለወጥ፣ ችግሩን እዚያው አገሬ እንድፈታ የሚገልጽ አጭር መልስ መጣልኝ። «አጠራጣሪ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ከእኔና ከሰባ ዓመት ሽማግሌ በቀር ሰው ከሌለበት ቤት ምን አጠራጣሪ ነገር ይወጣል?

ጭንቀቴን ያካፈልኩት አብራኝ ታስተምር ለነበረችው ለሰናይት ነው። «ለመምህር ጀማል ልደውልልሽ» አለችኝ። «በቴክኒክ ኮሌጅ ኔትወርክ የሚያስተምሩ ናቸው። ወንድሜን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሰፈራቸውም ከእናንተ አይርቅም።»

ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፍቼ ስወጣ ባጃጅ እየዞረ ይሄዳል፤ በሩ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሸሚዛቸው በሥርዓት የተተኮሰ፣ ነጭ ዘንግ የያዙ ሰው ቆመዋል። ዓይነ ስውር ናቸው። ሰናይት ይህን አልነገረችኝም ነበር። በኋላ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ከዋይፋዩ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለችኝ።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ «አካም ጅርቱ፣ ግቡ፣ ግቡ» እያለ ክንዳቸውን ለቀም አድርጎ ይጎትታቸው ጀመር። መምህር ጀማል ረጋ ብለው ቆሙና «አባባ፣ እርስዎ ከሚይዙኝ እኔ ክንድዎን ልያዝ። ያኔ ሁለታችንም አንወድቅም» አሉት። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር እስከ ሳሎን ድረስ በአፋን ኦሮሞ ስለ ዝናቡ እያወሩ ገቡ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንዴት አድርጎ ሊያየው ነው?» አለኝ።

«በጆሮዬ ነው፣ አባባ» አሉ መምህር ጀማል ፊታቸውን ወደ እኛ ሳያዞሩ። «እሱ ደግሞ በደንብ ይሠራል።»

አባቴ አፈረና ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከፊቴ የተቀመጡት ሰው፣ በየምሽቱ ጠብታዬን ሳደርግ የምፈራው ነገር ሁሉ ናቸው። ላያቸው አልፈለግኩም፤ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ ልነቅልም አልቻልኩም።

ከቦርሳቸው ላፕቶፕ አወጡ። አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሌላው ጉልበታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከእሱ የሚወጣው ድምፅ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጫጫል። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስክሪኑ ላይ ያለውን እያነበበልኝ ነው። ስለለመድኩት ፍጥነቱን ጨምሬዋለሁ» አሉኝ። ጣቶቻቸው በፊደል መምቻው ላይ ሲሄዱ አንድም ጊዜ አልተደናቀፉም።

«አየሽ፣ ቤታችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር አለ፤ አይፒ አድራሻ ይባላል» አሉ። «ቁጥሩ ግን የእናንተ አይደለም። ኢንተርኔት የሚሰጣችሁ ድርጅት ነው የሚያውሳችሁ። ሞደማችሁ ጠፍቶ ሲቆይ ለሌላ ቤት ይሰጠዋል፤ ሲበራ ደግሞ ለእናንተ ሌላ ያውሳችኋል። ከእናንተ በፊት በዚህ ቁጥር ጥፋት የሠራ ቤት ካለ፣ ዕዳው ለእናንተ ተርፎ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ እንቀይረው።»

የአሁኑን ቁጥር ኮምፒውተራቸው ካነበበላቸው በኋላ ሞደሙን አጥፍቼ እንዳበራው ነገሩኝ። አበራሁት። ቁጥሩ ያው ሆኖ ተመለሰ። «ቸኮልን» አሉ። «ድርጅቱ ቁጥሩን ለሌላ ሳይሰጠው መልሰን ጠየቅን። አሁን አጥፊውና ሻይ ስጪን።»

ሻይ ለማምጣት ስነሳ ቀኝ ጎኔ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨና ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ሻዩን አቅርቤ ስኳር ላመጣ ስነሳም እዚያው ቦታ ላይ ደግሜ ተጋጨሁ። መምህር ጀማል አንገታቸውን ወደ ድምፁ መለስ አደረጉ።

ሻዩ አልቆ፣ ከአባቴ ጋር ስለ አዋሽ መንገድ ብዙ ከተጨዋወቱ በኋላ ሞደሙን አበራሁት። በዚህኛው ጊዜ የመጣው ቁጥር ሌላ ነው። የፈተናውን ገጽ ስነካው ተከፈተ። ደስታዬ ከልክ አለፈ፤ አባቴ እንኳን ባይገባውም አጨበጨበ።

እሳቸው ግን ላፕቶፓቸውን እያጠፉ «ቁጥሩን ቀየርነው እንጂ ለምን እንደተዘጋ አላወቅንም» አሉኝ። «ሲመሽ ደግመሽ ሞክሪው። ከተዘጋ ደውይልኝ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ሞከርኩት። ተዘግቷል። ወዲያው ደወልኩላቸው።

«መምህር፣ ተዘጋብኝ።»

«ጥሩ ነው» አሉኝ።

«ምኑ ነው ጥሩው?»

«ጥፋቱ የቁጥሩ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ባልተዘጋ። አሁን ጥፋተኛው እዚያው ቤታችሁ ውስጥ እንዳለ አወቅን። ጠብ የሚፈጥር ሰው ከሰፈር ሰፈር ብታዞሪው፣ አዲሱም ሰፈር ማባረሩ አይቀርም። ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት እመጣለሁ። ተኚ።»

ተኚ ቢሉኝም እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ሆኖም ድምፃቸው ውስጥ የነበረው እርጋታ ትንሽ ድፍረት አበድሮኝ ነበር።

ጠዋት መጡ። «አካም ቡልተኒ» ተባብለው ከአባቴ ጋር ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ በቀጥታ ወደ ሥራቸው ገቡ። በሞደሙ የገባውን ዕቃ ሁሉ የሚያሳይ ገጽ አለ፤ እሱን ከፍተው አደመጡ። ከእሳቸው ላፕቶፕ ሌላ የእኔ ኮምፒውተር፣ የእኔ ስልክ፣ የአባቴ ስልክ፣ እና አንድ ሌላ ነገር።

«ስልኮቹንና ኮምፒውተሩን አጥፉልኝ» አሉ። አጠፋን። ቤቱ ጸጥ አለ። ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ። «ማንም ሳይነካው አንድ ዕቃ ብዙ መረጃ ወደ ውጭ እየላከ ነው። ሳያቋርጥ። ቴሌቪዥኑ ላይ የተገጠመ ነገር አላችሁ?»

አባቴ ከተቀመጠበት ቀና አለ። ከቴሌቪዥኑ ሥር አንዲት ጥቁር ሳጥን አለች፤ ወንድሜ ከዱባይ የላከለት ናት። ያለ ክፍያ የዓለምን ኳስ ሁሉ የምታሳይ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ምሽቱን የምታስረሳው እሷ ናት።

«ቴሌቪዥኑ እኮ ጠፍቷል» አለ አባቴ።

«ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ አባባ፤ ሳጥኗ ግን አልጠፋችም» አሉ። «እንዲህ ያሉ ሳጥኖች አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ተንኮል ተጭኖባቸው ይመጣሉ። እርስዎ ኳስ ሲያዩ፣ የማያውቁት ሰው ከሩቅ አገር ሆኖ በቤትዎ ቁጥር ይነግዳል። ሲሰርቅ የሚታየው የእርስዎ ቤት ነው።»

«ልጄ ነው የላከልኝ። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አይልክም።»

መምህር ጀማል ወደ አባቴ ዞረው በአፋን ኦሮሞ ተናገሩት። ልጁ አባቱን ለማስደሰት ገዛው እንጂ ውስጡን ከየት ያውቃል፤ እርስዎስ ያ ሁሉ ዘመን ጅቡቲ ሲመላለሱ፣ ጭነቱ ላይ ሳያውቁ ሌላ ሰው ዕቃ ቢደብቅብዎ ጥፋቱ የእርስዎ ይሆን ነበር ወይ አሉት። አባቴ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። የሾፌር ሕይወቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ማንም ሳያዘው ተነስቶ ሄደና የሳጥኗን ገመድ በራሱ እጅ ነቀለ።

«አሁን ቆመ» አሉ መምህር ጀማል እያዳመጡ። «አንዲት ጠብታ እንኳን አይወጣም። የሞደሙንም የይለፍ ቃል እንቀይርና ከዚያ እናጥፋው። ቁጥሩን ድጋሚ እንለውጣለን፤ ዛሬ የሚሰጠን ግን ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።»

ሞደሙን አጠፋሁት። ፈተናው ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ሳጥኗን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔና መምህር ጀማል ብቻችንን ቀረን። ትዕግሥት አጥቼ ልነሳ ስል ያው የጠረጴዛው ጠርዝ ቀኝ ጎኔን መታኝ።

«ሁልጊዜ በቀኝሽ በኩል ነው የሚሰማኝ» አሉ በዝግታ። «ትናንትም ሁለት ጊዜ። በገዛ ቤትሽ፣ በምታውቂው ጠረጴዛ። ጠብታ ታደርጊያለሽ?»

እንደለመድኩት «አለርጂ ነው» ልላቸው ነበር። ግን «ግላኮማ ነው» አልኩ። ቃሉን ከሐኪሙ ቤት ውጭ ጮክ ብዬ ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«የእኔም እሱ ነበር» አሉ። «ሲገኝብኝ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ያን ጊዜም አስተምር ነበር። የኬብል ቀለም መለየት ሲያቅተኝ ለማንም አልተናገርኩም። በመብራቱ አመካኘሁ፣ በኬብሉ አመካኘሁ። ሙሉ በሙሉ እስኪጨልም ድረስ ደበቅኩት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተማርኩ። በጨለማ ውስጥ ሆኖ ከሀ ሁ መጀመር ከባድ ነው፣ እህቴ። ዛሬ ኬብሉን ተማሪዎቼ ያስራሉ፤ ስህተቱን እኔ ከመሞከሪያው ድምፅ እነግራቸዋለሁ። ግን ያ ሁለት ዓመት ባይባክን እወድ ነበር።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ያንቺ ገና በጊዜው ነው። ጠብታሽን ካላቋረጥሽ፣ ክትትልሽንም ካልተውሽ፣ ዓይንሽ አብሮሽ ሊያረጅ ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ ቃል አልገባልሽም። ዓይንሽ እያለ ግን ጆሮሽን አስተምሪው። በኋላ ባያስፈልግሽ ምን ትከስሪያለሽ?»

አለቀስኩ። እሳቸው አይዞሽ አላሉኝም፤ ለማባበልም አልሞከሩም። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝና «ወንድም አለሽ አይደል? ይመርመር። በሽታው በዘር ይሄዳል። አባትሽም እንደዚሁ» አሉኝ። ቀጥለውም በዚያው ድምፅ «አሁን ሞደሙን አብሪው» አሉ።

አበራሁት። መብራቶቹ እስኪረጉ ጠበቅን። አዲሱን ቁጥር ኮምፒውተራቸው አነበበላቸው፤ ከሁለቱም ይለያል። ገጹን ነካሁት፤ ተከፈተ። አጠገቤ የሚቆዩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዘንጋቸውን ዘርግተው ተነሱ። «ተማሪዎች ይጠብቁኛል። ፈተናው ደግሞ የአንቺ ነው» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ገጹ አልተዘጋም። ፈታኞቹ አንዲት የሆድ ሕመምተኛ እናትና አንድ ሐኪም ሆነው ተናገሩ፤ እኔ በመሐል ሆኜ የአንዱን ለሌላው አደረስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የሠራሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እንዲያ ሳደርግ ቃላቱ ይበልጥ ጥርት ብለው ይሰሙኝ ነበር። በሳምንቱ ማለፌን ጻፉልኝ።

ለአባቴ የነገርኩት ግን ውጤቱን ሳልጠብቅ በዚያው በፈተናው ቀን ነው። ጓሮ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ከትምህርት ቤት ለምን እንደወጣሁ፣ አለርጂ ነው ያልኩት ጠብታ ምን እንደሆነ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ለሊሴ ኮ፣ የኔ ለሊሴ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ነው የፈራሽው?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ዱባይ ደወለ። ወንድሜ ሥራ ላይ ነኝ ቢለውም አልሰማውም፤ ዛሬውኑ ዓይንህን ተመርመር አለው። ወንድሜ እምቢ እምቢ ሲል ቆይቶ ሄደ። የእሱም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነርቩ ግን ገና ምንም አልሆነም ነበር። ዛሬ እሱም እንደ እኔ ማታ ማታ ጠብታውን ያደርጋል። የአባቴ ዓይን ደህና ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የቤታችሁ ኢንተርኔት ያለ ምክንያት ቢታገድባችሁ፣ ሞደማችሁን አጥፍታችሁ አቆዩት፤ ቁጥራችሁ ሊቀየር ይችላል። ከተቀየረ በኋላም ከታገደ ውስጣችሁን ፈትሹ። ይህን ማንም ሊነግራችሁ ይችላል። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ሰውየው ነው። ብዙ ደግ ሰው አውቃለሁ፤ ሲያዝንላችሁ አብራችሁ የምትሰምጡ ይመስላችኋል። መምህር ጀማል አላዘኑልኝም። የምፈራውን ነገር ፊቴ አስቀምጠው ሠሩበት፣ ቀለዱበት፣ ሻይ ጠጡበት፤ ሰዓታቸው ሲደርስም ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ቤታችን ከገቡ ጀምሮ አንዲት ቃል ሳይሰብኩ፣ የምፈራው ኑሮም ኑሮ መሆኑን አሳዩኝ። ከዚያ በፊት ዓይኔ ቢጠፋ ከእኔ የሚተርፍ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ለሚያስተምሯቸው ዓይነ ስውራንና እንደ እኔ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ኮምፒውተር በጆሮ የመጠቀም ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል አለ። መጀመሪያ በጣም በዝግታ ካላነበበልኝ አይገባኝም ነበር፤ አሁን ፍጥነቱን እየጨመርኩት ነው። በቅርቡ ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ የዘንድሮውን ምርመራ ካምናው ጋር አስተያይቶ ምንም እንዳልቀነሰ ነገረኝ። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ሆኜ ለመምህር ጀማል ደወልኩላቸው።

ሰምተው ሲያበቁ «ደስ ይላል፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ቅዳሜ ግን እንዳትቀሪ።»